ከሜዳው ውጭ ያለው ሥራ

በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በክፍላችን የኳስ ቡድን ውስጥ አራት ዓመት ስቈይ አንድ ግብ እንኳ አላገባሁም። ሥራዬ የተጫዋቾቹን ስም በደብተር መጻፍና ኳሱን መጠበቅ ነበር። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ፥ «መጫወት የማይችል ሰው ለጨዋታ ምን ይጠቅማል?» እያልሁ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ብራንች ሪኪ ከሚባል አሜሪካዊ የሕይወት ታሪክ ነው።

ሪኪ በኦሃዮ ግዛት ከገበሬ ቤተ ሰብ በ1881 ተወለደ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበትን የቤዝቦል ጨዋታ እጅግ ቢወድም፥ በተጫዋችነቱ አልቀናውም። ሥራው ኳሱን ተቀብሎ የተቃራኒ ሯጮችን በውርወራ ማገድ ሆኖ ሳለ፥ በ1907 በአንድ ጨዋታ 13 ጊዜ አመለጡት። ከዚያም በሳንባ ነቀርሳ ታመመ፤ ሲድን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ።

በኋላ በሴንት ሉዊስ ከተማ የካርዲናልስ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ፤ ነገር ግን ስላላሸነፈ በ1925 ከሜዳ ተነሥቶ በጽሕፈት ቤት ብቻ እንዲሠራ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት እርሱ የሰበሰባቸው ተጫዋቾች ዎርልድ ሲሪዝ የሚባለውን የመጨረሻ ውድድር አሸነፉ።

ካርዲናልስ ድኻ ቡድን ስለ ነበር ዝነኛ ተጫዋቾችን ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ሪኪ የትንንሽ ከተሞችን ቡድኖች እየያዘ ወጣቶችን ከታች ጀምሮ ያሠለጥን ጀመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ቡድኑ በ1931፥ በ1934ና በ1942 ደግሞ አሸነፈ። ሥራውን የነቀፉትም በኋላ ተከተሉት።

ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ነው። በወጣትነቱ የኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ሳለ፥ በሳውዝ ቤንድ ከተማ አንድ ሆቴል ቻርልስ ቶማስ የሚባለውን ጥቁር ተጫዋች አላሳድርም አለ። ሪኪ ተከራክሮ በራሱ ክፍል አሳደረው። ቶማስ እያለቀሰ፥ ቆዳው ይለቅ ይመስል እጁን ሲፈትግ እንዳየ ሪኪ በኋላ ይናገር ነበር።

በ1942 ሪኪ የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ሆነ። በዚያን ዘመን ጥቁሮች ከታላላቆቹ ቡድኖች ጋራ አይጫወቱም ነበር። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ልማዱ ግን ከሕግ ይልቅ የጸና ነበር። በ1945 ሪኪ ጃኪ ሮቢንሰንን ወደ ቢሮው ጠርቶ፥ ሰዎች ሊሰድቡት የሚችሉትን ስድብ ሁሉ በፊቱ እየተናገረ ፈተነው፤ ሲሰድቡት መልሶ እንዳይመታም ቃል አስገባው። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰለፈ። በሜዳ ቆሞ ስድቡን የተሸከመው ሮቢንሰን እንጂ ሪኪ እንዳይደለ መርሳት አይገባም።

ሪኪ መልአክ አልነበረም። በደመወዝ ቈጣቢነቱ ይታወቅ ነበር፤ ሮቢንሰን ቀድሞ ይጫወትበት ለነበረው የጥቁሮች ቡድንም ካሣ አልከፈለም። ጥሩ ተጫዋች ገንዘብ እንደሚያመጣለትም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ ኃላፊዎች ያንኑ ጥቅም ሊያገኙ ሲችሉ በራቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር።

ሪኪ በ1965 በንግግር ላይ ሳለ ወድቆ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዐረፈ። በ1967 ስሙ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ተመዘገበ፤ የተመዘገበውም በሜዳ ስላደረገው ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ስለ ሠራው ሥራ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ ብዙዎቻችን በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ እንቀመጣለን። በፊታችን የስም ዝርዝር ይቀርባል፤ ማን ይግባ፥ ማን ይቅር የምንል እኛ እንሆናለን። ይህ ሥልጣን በትንሹ ዛሬም በእጃችን ነው። ባለፈው ዓመት ከገጠር አዲስ የመጣ አንድ ልጅ ከቡድናችን ጋራ ልጫወት ብሎ ለመነኝ። ጓደኞቼ አይሆንም ስላሉ፥ ሩጫውን እንኳ ሳላይ ስሙን ሳልጽፍ ቀረሁ። የሪኪን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስሙንም ጻፍሁት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በምታዩት ጨዋታ ላይ ይሰለፋል።

ደብተሩን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች እተዋለሁ። አደራ፥ ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየውን ተመልከቱ።