ሜዳሊያው፣ ደብተሩና የዩኒቨርሲቲው በር



ብዙዎቻችሁ ወደዚህ አዳራሽ ይዛችሁት የመጣችሁት ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፦ «ልጄ በሳይንስ ውድድር ቢሸለም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይጠቅመዋል ወይ?» ሳላንዛዛ ልመልስ። ለአገር ውስጥ ምደባ አይጠቅመውም። ውጭ አገር ለሚያመለክት ሊጠቅም ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ክብደት ያለው ለሽልማቱ ያበቃው ሥራ ነው።

ከአገራችን ልጀምር። ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ የሚነሳ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱና በምርጫው ነው። አዳማና አዲስ አበባ የሚገኙት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚመርጡት በፈተና ነው። የፈተናው ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በክልላችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ሲከፈቱ የከረሙበትን ጊዜ ጨምራችሁ አስቡት። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥናቱን ትቶ ሮቦት ሲገጣጥም ቢያመሽ፣ እኔ በበኩሌ «አይዞህ» አልለውም። የውድድር ጊዜ 9ኛና 10ኛ ክፍል ነው።

«ታዲያ ሽልማቱ ለምን ነጥብ አይሰጠውም?» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ፈተናው ጉድለት ቢኖርበትም ለሁሉም አንድ ነው። ውድድር ግን ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ጊዜ ያለው አሠልጣኝ ይፈልጋል። ሽልማት በምደባ ላይ ነጥብ ይጨመርለት ቢባል፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠቀመው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የቲሊሊና የቻግኒ ልጅ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ይገፋል።

ወደ ውጭው ልሻገር። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕ» የተባለ የጋራ ማመልከቻ አለ። ለሽልማት 5 መስመር ብቻ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ መስመር ከ100 ፊደል አያልፍም። ከትምህርት ውጭ ለሚሠሩ ሥራዎች ግን 10 ቦታ አለው፤ ምን ተሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል። ከቅጹ ራሱ ሚዛኑን ማንበብ ይቻላል። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ሌላም ነገር ያያል፤ ተማሪው ከየትኛው ትምህርት ቤት መጣ፣ እዚያ ምን ነበረ፣ በነበረው ምን ሠራበት። ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ከሚውልበት ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ፣ ዘመናዊ ቤተ ሙከራ ካለው ጋር በአንድ ዓይን አይታይም።

ይህን ስል ግን ተስፋውን ከልክ በላይ እንዳላሳድገው እጠነቀቃለሁ። ከዚህ የሚሄድ ልጅ ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የውጭ ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ የሚቀበሉት፣ እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ ያሉት፣ ጥቂት ናቸው፤ ከ100 አመልካች የሚቀበሉትም አራት አምስት ቢሆን ነው።

ስለ ሽልማት ሲነሳ የሁላችንም አፍ ላይ ያለው ሄመን በቀለ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ አሜሪካ የሄደው ይህ ልጅ፣ ለቆዳ ካንሰር ሕክምና ይረዳል ብሎ ባሰበው ሳሙና በ2023 እንደ ፈረንጆቹ የ3ኤም ወጣት ሳይንቲስቶች ውድድርን አሸነፈ። የ25,000 ዶላር ሽልማት አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ ሰየመው። እንኳን ደስ ያለን። ነገር ግን ያ ውድድር አሜሪካ ውስጥ ለሚማሩ ልጆች ብቻ የተከፈተ ነው፤ የእንጅባራ ልጅ ሊመዘገብበት አይችልም። ከሄመን የምንወስደው ሌላ ነገር ነው። ሐሳቡ የመጣለት፣ እሱ ራሱ እንደተናገረው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን በማየቱ ነው። እነዚያን ሰዎች እኛ በየቀኑ እናያቸዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በ2006 ዓ.ም. በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ አካባቢ ገበሬዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውኃ መለካት ጀመሩ። ጠዋት ተነስቶ በመስፈሪያው የተጠራቀመውን ዝናብ ማንበብ፣ ወንዙ ውስጥ የቆመውን ምልክት ያለበት እንጨት ማየት፣ ጉድጓዱ ጋ ሄዶ ውኃው ስንት ሜትር እንደራቀ መለካት፣ ከዚያ ቀኑን ጽፎ ቁጥሩን መመዝገብ። ሥራው ይኸው ነው። ውጤቱ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ በታወቀ የውኃ ሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ የገበሬዎቹ መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር ተነጻጽሮ ተአማኒነቱ ተመሰከረለት። የዳንግላ ገበሬ ያደረገውን የዳንግላ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማድረግ ያቅተዋል?

ወይም ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተመልከቱት። ፋግታ ለኮማ ላይ ስንቱ ገበሬ ማሳው ላይ ዲከረንስ ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱ ሲያገግም መልሶ ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል። በቅርብ ዓመታት ዛፉ በሽታ ገባበት። አባቱ ዲከረንስ ያለው ተማሪ የትኛው ማሳ ቀድሞ ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ ቆላው ወይስ ደጋው ባሰበት ብሎ ሁለት ዓመት ቢመዘግብ፣ የትም ቢያቀርበው የሚያፍርበት ሥራ አይሆንም። ቅርንጫፉን ፎቶ የሚያነሳበት ስልክ ከተገኘ ይበቃዋል።

ለመምህራን አንድ ነገር አለኝ፤ ቅር እንዳትሰኙ። የምንጽፈው የምስክርነት ደብዳቤ «ተማሪው ታታሪ፣ ጨዋና ታዛዥ ነው» ብሎ ከርዕሰ መምህሩ ማኅተም ጋር ያልቃል። ሠላሳ ልጅ በዚያው ደብዳቤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ይሄዳል። ልጁ ባለፈው ኅዳር ያመጣው ቁጥር ትክክል አልመስል ብሎት ተመልሶ እንደለካ ያየ መምህር ግን የሚጽፈው ነገር አለው። ያ አንድ አንቀጽ ከአንድ ወረቀት ሜዳሊያ ይበልጣል።

ወላጆችም ተጠንቀቁ። ለመመዝገብ ገንዘብ አስከፍለው፣ ለተሳተፈ ሁሉ «ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት» የሚል ሰርተፊኬት በኢሜይል የሚልኩ ውድድሮች በዝተዋል። የላምን ዋጋ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አታውሉ። ማን ዳኘው፣ ስንት ሰው ተወዳደረ፣ ልጁን ጥያቄ የጠየቀው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ የሌለው ውድድር ማመልከቻ ላይም አይረዳም።

የየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠብቀው ቀላል ነው። ለክበባችሁ አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ፤ ገጾቹ ቁጥር ይሰጣቸው፣ መምህሩ በየሳምንቱ ይፈርምበት፤ የተሳሳተ ቁጥር ይሰረዝ እንጂ ገጹ አይቀደድ። ዝናብ መለካት የሚፈልግ ክበብ መስፈሪያውን ግንቦት ሳያልቅ ይትከል፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የተጀመረ መዝገብ የክረምቱን መጀመሪያ አያገኘውም።