ስለ ዓሊ ቢራ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ድሬዳዋ ስትነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚሠሩበትን ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። እኛ ግን ከዚችው ከተማ የወጣውን ድምፅ እናነሣለን። ዓሊ መሐመድ ሙሳ ገና ልጅ ሳሉ በአፍረን ቀሎ ቡድን በኦሮምኛ ዘፈኑ፤ «ቢራ» የተባሉትም በመጀመሪያው ዘፈናቸው ነው። መንግሥት ቡድኑን አገደ። የሚያስደንቀን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው የዚያው መንግሥት ጦር በሆነው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገቡ! ጦሩ ደመወዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ዜማውን የሰጠቻቸው ግን ድሬዳዋ ናት እንላለን። ኡድም ጊታርም ይጫወቱ ነበር፤ በአማርኛ፥ በሐረሪ፥ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፍነዋል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚሁ ድሬዳዋ ነው።