ጠባይ ወይስ ምልክት? አዲስ የስኳር መድኃኒትና የቤት ውስጥ ታዛቢው



ስለ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን በክፍል ውስጥ ስላስተማርሁት ሳይሆን በቤቴ ሳላስተውል ስላለፍሁት ነው። የምናገረውም በባለቤቴ ፈቃድ ነው።

ባለቤቴ ለስኳር ሕመሟ ሜትፎርሚን ስትወስድ ቆይታለች። ይህ መድኃኒት ሲጀመር ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድና መጠኑ ቀስ በቀስ ሲጨመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ለብቻው ሲወሰድ የደም ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ኋላ ሐኪሟ ግሊቤንክላማይድ ጨመረላት። የዚህኛው አሠራር ሌላ ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ ሰውየው ምግብ ባይበላም መግፋቱን አያቆምም።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ባለቤቴ ክኒኗን ጠዋት ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ሐኪሟ ስለ ጾም አልጠየቃትም፤ እርሷም አልነገረችውም፤ እኔም፣ የሥነ መድኃኒት መምህሩ፣ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም። አንድ ዓርብ ሰባት ሰዓት ገደማ በጥቃቅን ነገር ተቆጣችኝ። የጾም ድካም ነው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ተቀይሜም፣ ወደ ንባብ ክፍሌ ገባሁ። የጠራችኝ ልጃችን ናት፦ «አባዬ፣ እማዬ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የምትለውም አይገባኝም።» ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር። ስንለካት 48 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው።

መዋጥ ትችል ስለነበር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን አጠጣናት። ራሷን ብትስት ኖሮ በአፏ ምንም መስጠት ባልተገባ ነበር። ከ15 ደቂቃ በኋላ 82 ደረሰ። የመድኃኒቱ ኃይል ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና፣ ምግብ አብልተን ወደ ጤና ተቋም ወሰድናት። ሐኪሟም መድኃኒቱን ለወጠላት።

በመማሪያ መጻሕፍታችን ከምልክቶቹ መካከል መነጫነጭና ግራ መጋባት ይገኛሉ። እኔም ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፌያቸዋለሁ! በቤት ውስጥ ግን ምልክቱ ስሙን ይዞ አይመጣም፤ ጠባይ፣ ጠብ ወይም ድካም መስሎ ይመጣል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ፣ አንጎል ኃይሉን በዋናነት ከስኳር ስለሚያገኝ፣ ስኳር ሲወርድ የሚደክመው ምልክቱን ሊያስተውል የሚገባው አካል ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ታማሚው አስተውሎ እስኪናገር መጠበቅ አይበቃም፤ አጠገቡ ያለ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። በየሰዓቱ «አላበሽ? ራስሽን አዞረሽ?» እያልሁ አስጨነቅኋት። «ያገባሁት ባል እንጂ ዘበኛ አይደለም» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። አሁን ተስማምተናል፦ ክኒን የተዋጠበት ሰዓት፣ ምግብ የተበላበት ሰዓትና የታየው ለውጥ በአንድ ደብተር ይጻፋል። ስንጠራጠር አንከራከርም፤ እንለካለን። መድኃኒቱንም በራሳችን ሥልጣን አናቋርጥም፤ ደብተሩን ይዘን ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ መድኃኒት ስታዝዙና ስታድሉ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ «ይጾማሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁም «ከማን ጋር ይኖራሉ?» በሉ። ታማሚው ከፈቀደ፣ ያ ሰው ምን መመልከት እንዳለበት ሳታስረዱት አትሸኟቸው። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ያላየሁትን፣ ልጄ በር ላይ ቆማ አይታዋለች።