ክረምት ሲገባ የሚታመም አንቴና
(በተመራቂዎች የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሕክምና አወራለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ይቅርታ፤ ዛሬ የያዝኩት የአንቴና ጉዳይ ነው። አማተር ሬዲዮ እንደምወድ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው የኢቲ3ኤኤ ክበብ ጣቢያ ከገሳይ በአየር መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይርቃል። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ስለሚመለስ ጉና ተራራ አያግደውም። ለቀን 7፣ ለሌሊት 3.5 ሜጋ ኸርዝ ይመቻል።

ሁለቱን በአንድ ሽቦ የሚያሠራው ትራፕ የሚባለው ነገር ነው፤ ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ጎን ለጎን ተያይዘው። በ7 ሜጋ ኸርዝ እንደ በር ይዘጋል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ሽቦ እንደሌለ ይቆጠራል። በ3.5 በሩ ይከፈትና ሽቦው በሙሉ ይሠራል።

ችግሩ የሚመጣው ከሰኔ ወዲህ ነው። በእኛ ደጋ ቀን ፀሐይ ትራፑን ታሞቀዋለች፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሸማቀቅና እርጥቡን ጉም ይስባል። ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርዩ ከአየር 80 እጥፍ ገደማ ነው። የካፓሲተሩ መጠን በ4 በመቶ ብቻ ቢጨምር በ7.1 የተስተካከለው ትራፕ ወደ 6.96 ይወርዳል፤ ከተፈቀደልን መስመር ወጣ ማለት ነው። ኤስደብልዩአር ይጨምራል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ደህና ይሆናል። እንደ ወባ ትኩሳት መጣ ሄደት ይላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ሐኪሞች ትኩሳቱን ብቻ አናክምም። ስለዚህ በዝናብ ቀን ሽቦ አትቁረጡ! በክረምት ልክ የተቆረጠ ሽቦ በጥር ያጥራል።

መጀመሪያ ኬብሉን መርምሩ። ከአንቴናው ነቅላችሁ የላይኛውን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ በአናላይዘር ስትለኩት ኤስደብልዩአሩ በጣም ከፍተኛ መሆን አለበት። ዝቅ ብሎ ከታየ ኬብሉ ውሃ ጠጥቶ ጉልበቱን እየበላ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የረጠበ ኬብል የሚመለሰውንም ኃይል ስለሚውጥ የታመመውን አንቴና ጤነኛ ያስመስለዋል። ሕመሙ የጠፋለት በሽተኛ ሁሉ ድኗል አንልም አይደል?

ኬብሉ ደህና ከሆነ የግራና የቀኙን ትራፕ አውርዳችሁ ለየብቻ ለኩ። እኩል መሆን አለባቸው። የተለየውን ሞቅ ባለ ክፍል አድርቃችሁ እንደገና ለኩት። ከተመለሰ ጥፋቱ እርጥበት ነው፤ ካልተመለሰ የተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ ነገር ፈልጉ። ከታች በኩል ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ሙሉ በሙሉ ማሸግ የገባውን ውሃ ቤት መሥራት ነው። ኮኔክተሩን ግን በጎማ ቴፕ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ማንም አንቴና አይንካ።

ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁት? አንዳንዶቻችን መንገዱ በጭቃ በሚዘጋበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ እንሠራለን። ምጥ የጠናባትን እናት ሪፈር ለማድረግ አምቡላንስ መጥራት የሚያቅትበት ሌሊት አለ። የመሥሪያ ቤት ሬዲዮ ፈቃዱ ከአማተር የተለየ ነው፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠየቃሉ። የሽቦው ጠባይ ግን አንድ ነው፤ የሚከዳውም በጣም በምንፈልገው ወር ነው።

ስለዚህ ሬዲዮ ያለበት ጤና ጣቢያ ያላችሁ፣ በጥር አንቴናውን ለኩና ቁጥሩን ከነቀኑ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ሐምሌ ላይ የሚመጣው ሰው የድሮ ካርድ እንዳለው በሽተኛ ያገኘዋል።