ድራይቨር የሚጽፍ ሰው አስተርጓሚ ነው

በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ላይ በኮምፒዩተር ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን ልደቱን በሚያከብርበት በዚህ ቀን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። የመረጥነው ጉዳይ፣ ምንጩ ክፍት በሆነ የሶፍትዌር ላይብረሪ ውስጥ ለአንድ የክላውድ አገልግሎት ሰጪ አዲስ ድራይቨር እንዴት እንደሚጨመር ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ሥራው ለሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ አንኮበር መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋራ ተዋዋለ። በ1843 ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ተዋዋለ። ንጉሡ የመጣውን እንግዳ ቋንቋ ሁሉ ይማሩ ዘንድ አልተገደዱም፤ በመካከል አስተርጓሚ ነበረና። በሐሪስ ጊዜ፣ አስቀድሞ በሸዋ ተቀምጦ አማርኛ የተማረው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በዚህ ሥራ ረድቷል። ድራይቨርም እንደዚሁ አስተርጓሚ ነው እንጂ መኪና የሚነዳ ሹፌር አይደለም።

ክላውድ የምንለው የሰማይ ደመና ሳይሆን፣ በትልልቅ አዳራሾች ተደርድረው በሰዓት የሚከራዩ ኮምፒዩተሮች ናቸው። አማዞን ይህን የኪራይ አገልግሎት በ2006 ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ችግሩ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ መናገሩ ነው። የተከራየውን ኮምፒዩተር አማዞን «ኢንስታንስ» ይለዋል፤ ዲጂታልኦሽን «ድሮፕሌት» ይለዋል። ትእዛዝ የሚቀበሉበትም መንገድ ይለያያል። እንግዲህ ፕሮግራሙን ለአንዱ ብቻ የጻፈ ሰው፣ ኪራዩ ቢወደድበት ወይም ድርጅቱ ቢዘጋ ምን ያደርጋል? የአንድ ነጋዴ ቋንቋ ብቻ እንደሚያውቅ ሸማች ሆኖ፣ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል።

ይህን ለማቃለል ክላውድኪክ የሚባል ኩባንያ በ2009 ሊብክላውድ የሚባለውን ላይብረሪ በፓይተን ቋንቋ ጀመረ። በዚያው ዓመት ላይብረሪው ወደ አፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ገባ፤ በ2011ም ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነ። ክላውድኪክን ራክስፔስ የተባለ ኩባንያ በ2010 ገዛው፤ ላይብረሪው ግን የማኅበር ንብረት ስለ ሆነ ከኩባንያው ጋራ አልተሸጠም። በዚህ ላይብረሪ ዘንድ ኮምፒዩተሩ የማንም ይሁን የማን ስሙ «ኖድ» ነው፤ የኖዶችን ዝርዝር ማምጣት፣ አዲስ መፍጠር፣ አጥፍቶ ማስነሣትና ማስወገድ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ይፈጸማል።

አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገሮችን ያዘጋጃል። አንደኛው ግንኙነት ነው፤ ይኸውም አድራሻውንና የምስጢር ቁልፉን ይዞ ደጁን የሚያንኳኳው ክፍል ነው። ሁለተኛው መልስ ነው፤ የመጣውን መልስ አንብቦ ደኅናውን ከስሕተት ይለያል። ሦስተኛው ራሱ ድራይቨሩ ነው፤ የላይብረሪውን ትእዛዝ ወደ አገልግሎት ሰጪው ቋንቋ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ ስሙ በላይብረሪው መዝገብ ይጻፋል።

አስተርጓሚ ግን ታማኝ መሆን አለበት። አገልግሎት ሰጪው ኮምፒዩተሩ የሚገኝበትን ሁኔታ ላይብረሪው በማያውቀው ቃል ቢገልጽ፣ ድራይቨሩ በግምት «እየሠራ ነው» አይልም፤ «አይታወቅም» ብሎ ይመዘግባል። አገልግሎት ሰጪው ሌሎች የሌላቸው ልዩ ትእዛዝ ቢኖረው ደግሞ፣ ያ ትእዛዝ ከጋራው ጋራ እንዳይደባለቅ በስሙ መጀመሪያ የታወቀ ምልክት ይደረግለታል። ያላወቁትን እንዳወቁ አለመናገር፣ የአንዱን ጠባይ የሁሉ አስመስሎ አለማቅረብ፣ ይህ ከኮምፒዩተር ውጭም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ምናልባት ከወላጆቻችን አንዱ፣ «ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ለመማር ገንዘብ አያስፈልግም። በላይብረሪው ውስጥ ለልምምድ የተሠራ ድራይቨር አለ፤ ሁለት የይስሙላ ኮምፒዩተሮች ያሳያል፤ ኪራይም አይጠይቅም። አዲስ ድራይቨርም የሚፈተነው በናሙና ነው፤ የአገልግሎት ሰጪው መልሶች በፋይል ተቀምጠው፣ ድራይቨሩ በትክክል ይመልሳቸው እንደ ሆነ ያለ ኢንተርኔት ይታያል። መስመሩ በተቋረጠ ቀን እንኳ ሥራው አይቆምም ማለት ነው።

ከዚያ ጽሑፉ ከፈተናውና ከማብራሪያው ጋራ ይላካል። በሌላ አገር ያሉ ሰዎች መስመር በመስመር አንብበው «ይህን አስተካክል» ይላሉ። የሚመዝኑት ሥራውን ነው እንጂ የጸሐፊውን አገር አይደለም። ከተቀበሉትም በኋላ ሥራው አያልቅም፤ አገልግሎት ሰጪው ቋንቋውን በለወጠ ቁጥር አስተርጓሚውም መታረም አለበት። ጠባቂ ያጣ ድራይቨር ያረጃል፣ በመጨረሻም ይወገዳል።

ሊብክላውድ ከ50 ለሚበልጡ አገልግሎት ሰጪዎች ድራይቨር አለው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ አልተሠራም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል። የአገራችን አገልግሎት ሰጪዎች ቋንቋ በዓለም ላይብረሪዎች ይሰማ ዘንድ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ መጻፍ አለበት። ይህን ሌላ አገር ያለ ሰው ይጽፍልናል ብለን ብንጠብቅ ብዙ እንቆያለን፤ የሚያስፈልገው ለእርሱ ሳይሆን ለእኛ ነውና።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የሌላው ሰው ድካም ያፈራውን በነፃ መጠቀም መልካም ነው፤ ከተጠቀሙበት ላይ ጥቂት ጨምሮ መመለስ ግን የበለጠ ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ እንግሊዝኛ ማንበብና ፓይተን መጻፍ የቻለ ተማሪ ይህን ሥራ ከመጀመር የሚከለክለው የለም። መምህራን እንድትመሩን፣ ወላጆችም በኮምፒዩተር ፊት የምናሳልፈውን ሰዓት ሁሉ ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትቈጥሩብን በትሕትና እንለምናለን።