የእጅ መደንዘዝ፣ የስኳር በሽታና የብርሃን ሕክምና
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ብዙዎቻችሁ «የብርሃን መሣሪያው መቼ ነው የሚገዛው?» እያላችሁ ጠይቃችሁናል። በአንድ ቃል መመለስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ገንዘቡም የሁላችን ነው፣ የሚታመመውም እጅ የሁላችን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተነስተን ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ነገሩ የጀመረው ከቡና ላይ ነው። አንዲት አባላችን፣ ስኳር ካለባት ዓመታት የቆጠረች እናት፣ ቡና ስትቀዳ ስኒ ከእጇ ወደቀ። ሳቅን። በሌላ ቀን ደግሞ ወደቀ። «ሌሊት እጄ ይደነዝዛል፣ እየነዘረኝ ከእንቅልፌ እነሳለሁ፣ ሳራግፈው ይሻለኛል» ስትለን እኛ ምን አልናት? «ብርድ ነው፣ እሳት ዳር ሙቂው» አልን። አንዳንዶቻችን ወጌሻ ጋ ውሰዷት አልን። ዓመት ካለፈ በኋላ ሐኪም ስታይ በአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ነበር። በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የሌሊቱ ሕመም ለቋታል፤ የእጇ ጉልበት ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ይህን የምንነግራችሁ እሷ ራሷ «ለሌሎቹ ይጥቀም፣ ንገሯቸው» ስላለችን ነው። ስሕተቱ የእኛ ነበር። ይህ ንግግርም ከዚያ ስሕተት የተነሳ ነው።

የበሽታው ስም ካርፓል ታነል ሲንድሮም ይባላል። በእጃችን አንጓ ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው ትናንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያው ደግሞ ጠንካራ ጅማት ነው። በዚህ ጠባብ በር ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ቦታው ሲጠብ ወይም ጅማቶቹ ሲያብጡ የሚጨፈለቀው ለስላሳው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት ሌላ ነርቭ ስላላት ብዙ ጊዜ ትተርፋለች። ሐኪሙ «የትኞቹ ጣቶች ናቸው የሚደነዝዙት?» ብሎ የሚጠይቀን ለዚህ ነው።

ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ይይዛል። በእርግዝና ጊዜ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሲኖርም ይመጣል። አንጓን ደጋግሞ የሚያጥፍና ኃይል የሚጠይቅ ሥራም ያባብሰዋል። ልብስ የምናጥበው፣ ቡና የምንወቅጠው፣ ሹሩባ የምንሠራው፣ ሽንኩርት በየኩንታሉ የምንከትፈው እጃችን ምን ያህል እንደሚደክም እናንተ ታውቃላችሁ።

ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ሸክሟ ድርብ ነው። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ይጎዳል፤ ጅማቶችንም ያወፍራል፣ ያደርቃል። አስቀድሞ የደከመ ነርቭ በጠባብ በር ሲያልፍ ትንሽ መጨፍለቅም ይበቃዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ስኳር በራሱ ነርቭን ሲጎዳ መደንዘዙ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ በኋላ እጅን ይይዛል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ለይቶ የሚነግረን ምርመራ ነው።

እስቲ አሁን ሁላችንም የሁለቱን እጆቻችንን ጀርባ እናጋጥም፤ ጣቶቻችን ወደ መሬት ይመልከቱ፣ አንጓችን ይታጠፍ። አንድ ደቂቃ እንቆይ። ... በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ ውርር ያላችሁ ወይም የደነዘዛችሁ ካላችሁ ይህ ምልክት ነው። የመጨረሻ ፍርድ ግን አይደለም፤ ሐኪሙ መርምሮ፣ ካስፈለገም የነርቭን ፍጥነት በሚለካ መሣሪያ አይቶ ነው የሚወስነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ባለፈው አንድ ሻጭ መጥቶ ቀይ ብርሃን የሚያበራ መሣሪያ አሳየን። ከቁጠባችን ግማሽ ያህሉን የሚጠይቅ ነበር። ሁለት አባሎቻችን ሞክረው «ቀለለን» አሉ። እኛም ልባችን ተነሳ። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጥቂት ጊዜ እንውሰድ አልንና ጠየቅን፣ አነበብን፣ ባለሙያዎችን አናገርን።

ብርሃን መድኃኒት መሆኑ ተረት አይደለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ስኳር ካለባቸው አባሎቻችን መካከል ዓይናቸውን በሌዘር የታከሙ አሉ፤ ያ ሕክምና የብዙ ሰው ዓይን ማዳኑ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ትልቅ ጥናት ተረጋግጧል። ነገር ግን የዓይኑ ሌዘር ብርቱ ነው፣ ሆን ብሎ ያቃጥላል። የእጁ ደግሞ ደካማ ነው፤ አያቃጥልም፣ ብዙ ጊዜም ሙቀቱ አይሰማም። ስማቸው ሌዘር መሆኑ አንድ አያደርጋቸውም።

ደካማው ሌዘር የተጀመረው ቡዳፔስት ውስጥ ነው። ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ፀጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበራ ፀጉሩ ቶሎ እንደሚበቅል አየ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ቀይና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በሕዋሶቻችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል ያነቃቃል፣ ብግነትንም ይቀንሳል ብለው ያስባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥያቄው የተጨፈለቀውን ነርቭ ይጠቅማል ወይ ነው።

ሻጩ «አሜሪካ ፈቅዳዋለች» ብሎን ነበር። ውሸት አልነበረም፣ ሙሉም አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የዚህ ዓይነት ሌዘር እንዲሸጥ ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ከሌላ ሕክምና ጋር ተደርቦ የእጅና የአንጓ ሕመምን ለጊዜው ለማስታገስ ነው። ለጊዜው ማስታገስና ማዳን አንድ አይደሉም። ደግሞም ያ ፈቃድ የተሰጠው ለዚያ መሣሪያ እንጂ ቀይ ብርሃን ለሚያበራ ሁሉ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም በካርፓል ታነልና በደካማ ሌዘር ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1,153 ተሳታፊዎች ያሏቸውን፣ አንድ ላይ አየ። በአንዳንዶቹ ጥናቶች ግማሹ ሰው እውነተኛ ብርሃን ሲበራለት፣ ሌላው ግማሽ ሳያውቅ ያልበራ መሣሪያ ይያዝለታል። ለምን ቢባል፣ ሰው «ታከምኩ» ብሎ ሲያምን ብቻውን ቀለል ይለዋልና ነው። የእኛ ሁለት አባሎች «ቀለለን» ሲሉ ዋሹ ማለት አይደለም፤ ከምን እንደቀለላቸው ግን በዚያ ሙከራ ማወቅ አይቻልም። የኮክሬን መደምደሚያ፣ ማስረጃው እጅግ ደካማ ስለሆነ ሌዘሩ ካልበራው መሣሪያ ይሻላል ብሎ መናገር አይቻልም የሚል ነው። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ የብርሃኑ መጠን ከአንዱ አንዱ ይለያያል፣ ሕመምተኞችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉትም ጥቂት ናቸው። ከሁሉ በላይ ያሳሰበን፣ በርካታ የካርፓል ታነል ጥናቶች ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አያካትቱም። እኛ ግን መሣሪያውን ልንገዛ ያሰብነው በዋናነት ለእነሱ ነበር።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አገኘን። ለስኳር ሕመምተኞች ነርቭ ተብለው ኢንፍራሬድ መሣሪያዎች በአሜሪካ በሰፊው ተሽጠው ነበር። ለአረጋውያን የሕክምና ወጪ የሚከፍለው የመንግሥት መድን ሜዲኬር ግን ማስረጃውን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚህ አልከፍልም ብሎ ወሰነ። በነዚህ መሣሪያዎች ቆዳቸው የተቃጠለ ሰዎችም ነበሩ። የደነዘዘ እጅ ሙቀትን አይነግረንምና። የሚሞቅ መብራት ይሁን ከሰል፣ የደነዘዘ እጅና እግር እሳት ዳር አይቀመጥ። «እሳት ዳር ሙቂው» ያልነው እኛ ነን፤ ዛሬ ቃላችንን እናነሳለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚታወቅ መንገድ አለ።

አንደኛ፣ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ማድረግ ነው። ስንተኛ አንጓችን ሳናውቀው ይታጠፋል፣ መተላለፊያውም ይጠብባል። ማሰሪያውን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ማታ ማታ ማድረግ ብዙዎችን ያቀላል። ዋጋው ከመሣሪያው ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛ፣ የደም ስኳርን መቆጣጠርና መድኃኒትን አለማቋረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ሐኪም አንጓ ላይ የስቴሮይድ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ይጠቅማል፤ ግን የደም ስኳርን ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ያደርጋል። ስኳር እንዳለባችሁ ሳትናገሩ አትወጉ፤ ከተወጋችሁ በኋላም ስኳራችሁን ደጋግማችሁ ለኩ።

አራተኛ፣ መደንዘዙ የማይለቅ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ወይም የአውራ ጣት ሥር ሥጋ ከሟሸሸ ቀዶ ሕክምና ነው። ጣሪያ የሆነውን ጅማት ቆርጦ ለነርቩ ቦታ መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ እጅን ብቻ አደንዝዞ ይሠራል፣ ታካሚዋም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ስኳር ያለባቸውም ይጠቀማሉ። ከቢላው ፍርሃት የተነሳ ብርሃን እየሞቁ ዓመት ማሳለፍ ግን ነርቩን ሊያሳጣ ይችላል።

ሌዘር ክፉ ነው አላልንም። ሐኪማችሁ ወይም ፊዚዮቴራፒስታችሁ ከማሰሪያው ጋር ደርቦ ቢያዝላችሁ፣ ዓይናችሁን በመከላከያ መነጽር ሸፍናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ካንሰር ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ለውጥ ካልመጣ መቼ እንደሚቆም ጠይቁ። ማጥናቱም ይቀጥላል፤ ጠንካራ ማስረጃ የመጣ ቀን እኛው ራሳችን እዚህ ቆመን እንነግራችኋለን።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ መሣሪያው አይገዛ የሚል ነው። ገንዘቡ ለእጅ አንጓ ማሰሪያ፣ ለስኳር መለኪያና ለመለኪያው ወረቀት፣ እንዲሁም ለምርመራ መሄድ ላቃታቸው አባላት የትራንስፖርትና የካርድ ክፍያ ይዋል እንላለን። ደጋፊዎቻችን የሰጣችሁት ለመሣሪያ ተብሎ ነበርና ያለ እናንተ ፈቃድ አንዲት ብር አናዛውርም፤ ፈቃዳችሁን ዛሬ በአክብሮት እንጠይቃለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ዘንድ ግን የደበቀችው እሷ አልነበረችም፤ ነግራናለች፣ ያልሰማነው እኛ ነን። ከዛሬ ጀምሮ ከመካከላችን አንዲቱ «ሌሊት እጄ ይደነዝዛል» ካለች፣ ከጎኗ ያለችው እኅት ብርድ ነው አትበላት። ይዛት ሐኪም ቤት ትሂድ።