ኢንተሊጀንሲያ ማን ነው?

(ጀዊ ላይ ለትምህርት ጓደኞቻችንና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ «ኢንተሊጀንሲያ» የሚል ቃል ደጋግሞ ያጋጥመናል። ብዙዎቻችን «ምሁራን» ብለን ተርጉመን እናልፈዋለን። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

ቃሉ ሥሩ ላቲን ቢሆንም፣ እንግሊዝኛ የተዋሰው ከመስኮብኛ ነው። በሩሲያ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ደራሲው ፒዮትር ቦቦሪኪን ነበር። አገባቡም ለወገን እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም፤ «እርሱ ኢንተሊጀንሲያ ነው» አይባልም፣ «ከኢንተሊጀንሲያው ወገን ነው» ይባላል እንጂ። በእንግሊዝኛ አንዳንድ ጊዜ ሽሙጥ ይታከልበታል። በሩሲያ ግን ቃሉ ከዕውቀት ሌላ «ለሕዝብ ዕዳ አለብኝ» የሚል ሕሊና ይጠይቅ ነበር።

በዚሁ ሕሊና በ1874 (እ.ኤ.አ.) ብዙ የሩሲያ ወጣቶች፣ አንዳንዶቹም የገበሬ ልብስ ለብሰው፣ ወደ ገጠር ወረዱ። ገበሬው ግን ብዙም አላመናቸውም፤ ለፖሊስ አሳልፎ የሰጣቸውም ነበሩ። ልብሱን ለበሱ እንጂ ኑሮውን አያውቁትም ነበርና። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የአገራችን ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። የሩሲያዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ሲሄዱ፣ የእኛዎቹ የዘመቱት በመንግሥት ትእዛዝ ነበር። ፊደል ማስቆጠራቸው ግን የሚዘነጋ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጀዊ እንመለስ። ይህ የስደተኞች መጠለያ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጎርፍ ካጥለቀለቀው ከሌይቹዎር የመጡ የደቡብ ሱዳን ሰዎችን ተቀበለ። ከስደተኞቹ መካከል ጥቂት የተማሩት ጠመኔ ይዘው የወገኖቻቸውን ልጆች ያስተምራሉ። ብዙዎቹ ካባ አልለበሱም፣ ዲግሪም የላቸውም። በመስኮብኛው ትርጉም ግን ኢንተሊጀንሲያ ማለት እነርሱ ናቸው። የእኛው «ምሁር» ከግእዙ «መሀረ» ሲወጣ የተማረ ማለት ብቻ ነው፤ ለማን እንደ ተማረ አይነግረንም። ያንን የሚናገረው ሥራችን ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለማስተማር ከመቸኮላችን በፊት ለመማር እንቀመጥ። በጋምቤላ ምድር ኑዌርኛና አኙዋክኛ ሳይሰሙ «ሕዝቡን እናገለግላለን» ማለት፣ የገበሬ ልብስ ለብሶ ገጠር ከመውረድ በምን ይለያል? ከመጪው ዕረፍት በፊት እያንዳንዳችን ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን መማር እንጀምር። አስተማሪዎቻችንም እዚሁ አጠገባችን አሉ።